የ80 ዋቱ ብርጭቆ ሌዘር ቱቦ ከነፓወር ሰፕላዩና ከነቺለሩ ሲፈተሽ

ፍርዱን ከፊት ማስቀመጥ ይሻላል። 80 ዋት ተብሎ የሚሸጠው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ቱቦ ለመቁረጥ ሥራ ዋጋውን የሚያወጣ ዕቃ ነው። ለረቂቅ የፎቶ ቅርጽ ሥራ ግን አይመከርም፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። በአንድ ጥቅል የሚሸጡት ሦስቱ ዕቃዎችም እኩል አይደሉም። ብርጭቆው ከሚታሰበው በላይ ብልሃት ያለበት ነው፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ መካከለኛ ነው፤ አብሮ የሚሰጠው ኮምፕሬሰር የሌለው ቺለር (የውሃ ማቀዝቀዣ) ደግሞ ሞቃት ክፍል ውስጥ ቱቦውን ቀስ አድርጎ የሚጨርስ ነው።

ከሁሉ በፊት ሜትር ይዞ ርዝመቱን መለካት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ቱቦ ጉልበት የሚገኘው ከርዝመት ነው፤ ኤሌክትሪክ ከሚያልፍበት ጋዝ በአንድ ሜትር ከ50 እስከ 80 ዋት ገደማ ይወጣል። ሐቀኛ የ80 ዋት ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ከ1200 እስከ 1250 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ውፍረቱም 80 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጠን ያለው ዓይነት 1600 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። 700 ሚሊ ሜትር የሆነው የ40 ዋት ቱቦ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አያስረዝመውም። አንዳንድ ሻጮች ቱቦው ለአጭር ጊዜ ተጨንቆ የሚሰጠውን ከፍተኛ ጉልበት እንደ መደበኛ ስለሚጽፉ፣ መጠየቅ ያለበት «በየትኛው ሚሊ አምፒር ስንት ዋት?» ተብሎ ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ሻጭ ዕቃውን አያውቀውም ማለት ነው።

ብርጭቆው አንድ ሳይሆን አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰኩ ሦስት ቱቦዎች ነው። መሃል ላይ ያለው ቀጭኑ ቱቦ ኤሌክትሪኩ ጋዙን የሚያፈካበት ነው። በሱ ዙሪያ ውሃ ይሄዳል። ከውሃው ውጭ ያለው ሰፊው ክፍል ደግሞ የጋዝ መጠባበቂያ ነው። እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመች ቀጭን የብርጭቆ መስመር መሃሉን ከመጠባበቂያው ጋር ታገናኛለች። ጌጥ የምትመስለው ይህች መስመር ትልቅ ሥራ አላት፦ ቀጥተኛ ከረንት ጋዙን ወደ አንድ ጫፍ ስለሚገፋ፣ ጋዙ ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ካላገኘ የሁለቱ ጫፎች ግፊት ይለያያል፣ ጨረሩም ይዋዥቃል። መጠምጠሟም በከንቱ አይደለም፤ ረጅም ስለሆነች ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ በሷ በኩል አያልፍም።

የጋዙ ግፊት የከባቢ አየር ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስሙን ይሰጣል እንጂ ብቻውን ብዙ አይሠራም። ናይትሮጅን በኤሌክትሮኖች ሲመታ ኃይል ይይዛል፣ ቶሎም አይለቅም። የያዘው ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚፈልገው ጋር በጣም የተቀራረበ ስለሆነ በግጭት ያስረክበዋል። ሂሊየም ደግሞ ሙቀቱን ወደ ግድግዳው ያደርሳል፣ ብርሃን ሰጥተው የጨረሱትን ሞለኪዩሎችም ወደ መነሻቸው እንዲመለሱ ይረዳል። አንዳንድ አምራቾች ጥቂት ዜኖን ይጨምራሉ። ተመራማሪው ኩማር ፓቴል በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ ይህን ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያስተዋውቅ ጋዙ በአንድ በኩል እየገባ በሌላው እየወጣ ነበር የሚሠራው። ያ ዓይነቱ ሌዘር ሲሊንደርና ቫኪዩም ፓምፕ ይፈልጋል። ዛሬ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማሽን የተገኘው ያው ጋዝ ለዓመታት ተዘግቶ እንዲሠራ በመደረጉ ነው።

ይህ ቀላል አልነበረም። የሚያፈካው ኤሌክትሪክ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ኦክስጅን ይሰብረዋል። የተለቀቀው ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን እየያዘ ፍካቱን ያናጋል፣ ካቶዱንም (የማይነሱን ጫፍ ብረት) ያዝጋል። ስለዚህ ሁለቱን እንደገና የሚያጋጥም ነገር ያስፈልጋል። ጥቂት የውሃ ትነት ወይም ሃይድሮጅን መጨመር አንዱ ዘዴ ነው። ሌላው እንደ ወርቅ ያለ ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ውህደቱን የሚያፋጥን ነገር፣ በቀጭኑ መቀባት ነው። «ካታሊስት አለው» የሚለው የሻጭ ቃል ባዶ ማስታወቂያ አይደለም፤ በሁለት ቱቦዎች መካከል ልዩነት የሚያመጣው በአብዛኛው ይኸው ነው፣ የሚታወቀውም በመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን ከወራት በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ «የኬሚካል ሌዘር ይበልጣል» እያሉ የሚያወዳድሩ አሉ። ጉልበቱ ይበልጣል፣ ግን የተለየ ፍጥረት ነው። ካስፐርና ፒመንቴል እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳዩት የመጀመሪያው የኬሚካል ሌዘር ኃይሉን ያገኘው ሃይድሮጅንና ክሎሪን ሲዋሃዱ ከሚለቀቀው ኃይል ነው። የኦክስጅንና አዮዲን ሌዘር ክሎሪን ጋዝን ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውህድ ጋር አጋጥሞ፣ በ1.315 ማይክሮሜትር ጨረር ይሰጣል። አሜሪካኖች ቦይንግ 747 ላይ ጭነውት እ.ኤ.አ. በ2010 በበረራ ላይ ያለ ሚሳይል መቱበት፤ በቀጣዩ ዓመት ፕሮግራሙ ተሰረዘ። እዚያ ጋዙ አንዴ ያልፋል፣ ይጣላል፤ የሚወጣውም መርዝ ነው። ቁጥጥሩ በሙሉ ስለ ቫልቭ፣ ስለ ኖዝልና ስለ ፓምፕ ነው። የኛው ቱቦ ግን አንድ እፍኝ የማትሞላ ጋዝ ይዞ ዓመታት መኖር አለበት፤ ስለዚህ ከረንትና ሙቀት ላይ የሚደረግ ስህተት ሁሉ ጋዙ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ወደ ፓወር ሰፕላዩ። የጋዝ ፍካት መጥፎ ጠባይ አለው፦ ብዙ ከረንት ባለፈ ቁጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ደግሞ የበለጠ ከረንት ይስባል። ቮልቴጅ ብቻ የሚሰጥ ዕቃ ቢገጠምለት ራሱን ያቃጥላል። ስለዚህ ሰፕላዩ የሚቆጣጠረው ከረንቱን ነው። ለማስነሳት ከ20 ኪሎ ቮልት በላይ ይሰጣል፤ ከተነሳ በኋላ ወደ 16 ኪሎ ቮልት ገደማ ይወርድና ሚሊ አምፒሩን ይይዛል። ከ4 ሚሊ አምፒር በታች ፍካቱ ይንተከተካል። ስክሪኑ ላይ 5 በመቶ ብለው ሲያዙ መስመሩ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው፤ ማሽኑ አልተበላሸም።

ብዙዎቹ ሰፕላዮች ላይ ያሉት የመቆጣጠሪያ ቀዳዳዎች ቲኤች፣ ቲኤል፣ ደብልዩፒ፣ ጂ፣ አይኤን እና 5ቪ ይባላሉ። ቲኤል ከጂ ጋር ሲገናኝ ሌዘሩ ይተኩሳል፤ ቲኤች ደግሞ 5 ቮልት ሲያገኝ ነው። አይኤን ከ0 እስከ 5 ቮልት እየተቀበለ ጉልበቱን ይወስናል፤ ከመቆጣጠሪያ ካርድ በፒደብልዩኤም (ቶሎ ቶሎ በሚበራና በሚጠፋ ምልክት) የሚታዘዝ ከሆነ 20 ኪሎ ኸርዝ ላይ ማድረግ ነው። ደብልዩፒ የውሃ ጥበቃ ነው፦ ከጂ ጋር ካልተገናኘ ሌዘሩ አይተኩስም። እዚህ ላይ የሚያናድድ ነገር አለ። ብዙ ሰፕላዮች ደብልዩፒንና ጂን በአጭር ሽቦ አገናኝተው ይልኳቸዋል፣ ሥራ ቶሎ እንዲጀመር ይመስላል። ያቺ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሽቦ ካልተነቀለችና በቦታዋ የውሃ ፍሰት ስዊች ካልገባ፣ ፓምፑ በቆመ ቀን ቱቦው ይሰነጠቃል። ስዊቹ የሚገጠመው ውሃው ከቱቦው በሚወጣበት ጎማ ላይ ነው። መግቢያው ላይ ከሆነ፣ መሃል ላይ የወለቀ ጎማ ወለሉን እያጠጣ ስዊቹ «ደህና ነው» ይላል። ከገጠሙ በኋላ በዝቅተኛ ጉልበት እያስተኮሱ ጎማውን በእጅ ማጠፍ ነው፤ ወዲያው ካልቆመ ስዊቹ አይታመንም።

ከጥቅሉ የጎደለ አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር የሚሊ አምፒር መለኪያ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን አይሰጡትም። ከ0 እስከ 50 ሚሊ አምፒር የሚያሳይ ባለመርፌ ሜትር ይበቃል። አገጣጠሙ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ ከሶኬት ይነቀላል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ የአኖዱ (የፕላሱ) ጫፍ በደንብ በተሸፈነና ከኧርዝ ጋር በተያያዘ ሽቦ ተነክቶ የቀረው ቻርጅ ይለቀቃል። ከዚያ ከካቶዱ ወደ ሰፕላዩ የሚመለሰው ሽቦ ተቆርጦ ሜትሩ መሃል ይገባል፤ ፕላሱ ወደ ቱቦው፣ ማይነሱ ወደ ሰፕላዩ። በቀይ ወፍራሙ የአኖድ ሽቦ በኩል በጭራሽ አይገጠምም፤ እዚያ ያለው ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ነው።

ሜትሩ ከገባ በኋላ በየ10 በመቶው እያስተኮሱ ንባቡን ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው በመቶኛ ጉልበት አይደለም፤ ለሰፕላዩ የሚላክ ትዕዛዝ ብቻ ነው። አንዱ ሰፕላይ በ70 በመቶ 20 ሚሊ አምፒር ሲሰጥ ሌላው 26 ሊሰጥ ይችላል። ለ80 ዋት ቱቦ 26 ሚሊ አምፒር አካባቢ ጣሪያው ነው። ከዚያ በላይ ሲጨመር ጋዙ ይሞቃል፣ ዋቱም መጨመሩን ያቆማል፤ እንዲያውም ሊወርድ ይችላል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስብራት ግን ይጨምራል። ለዕለት ሥራ ከ20 እስከ 22 መያዝ ነው። ጥቂት ፍጥነት ይቀነሳል፣ ቱቦው ግን ብዙ ይቆያል።

ውሃው ላይ ትንሽ ስሌት ይጠቅማል። 26 ሚሊ አምፒር በ16 ኪሎ ቮልት ማለት ከ400 ዋት በላይ ወደ ቱቦው ይገባል ማለት ነው። 80ው በጨረር ቢወጣ፣ ወደ 340 ዋት የሚጠጋው ሙቀት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በደቂቃ 3 ሊትር ከሄደ ውሃው ሲወጣ የሚሞቀው 1.6 ዲግሪ ብቻ ነው። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ከሆነ ግን ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል፣ የመጨረሻው ሙቀትም በቱቦው ጫፍ ጨረሩ የሚወጣበት መስታወት ዳር ይደርሳል። የፍሰት መለኪያ ከሌለ ባልዲና ሰዓት ይበቃሉ።

ውሃው ዲስትልድ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ጨው አለው፣ ጨው ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ ብርጭቆውን በስቶ ወደ ውሃው መንገድ ያገኛል። ብዕር የሚመስለው ርካሽ የውሃ ጨው መለኪያ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 10) በታች ካሳየ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ እየወጣ ከሄደ መቀየር ነው። የመኪና አንቲፍሪዝም ያው ነው፣ ውስጡ ያሉት ተጨማሪዎች ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። የውሃ መውጫው ወደ ላይ እንዲያይ ቱቦው ዞሮ ይታሰር፤ አለዚያ አረፋ ከመስታወቱ አጠገብ ታስሮ ይቀራል፣ ብርጭቆውም በዚያች ቦታ ብቻ ይሞቅና ይሰነጠቃል።

አሁን ቺለሩ። ብዙ ጊዜ በጥቅሉ የሚካተተው ፓምፕ፣ ራዲያተርና ፋን ብቻ ያለው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም። በአንድ ዲግሪ ልዩነት 50 ዋት የሚያወጣ ከሆነና ክፍሉ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ 340 ዋት ለማውጣት ውሃው 37 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ቱቦው የሚፈልገው ከ18 እስከ 25 ነው። ጋዙ ሲሞቅ ብርሃን ሰጥተው የጨረሱት ሞለኪዩሎች ቶሎ ወደ መነሻቸው ስለማይመለሱ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ባለሥራው ደግሞ ወርዷል ብሎ ከረንት ይጨምራል፣ ከረንቱ የበለጠ ያሞቃል። ስለዚህ ኮምፕሬሰር ያለው ቺለር እንደ ትርፍ ዕቃ አይታይ። ግን በጣም ማቀዝቀዝም ሌላ ጣጣ አለው። 30 ዲግሪና 60 በመቶ እርጥበት ባለው አየር ጤዛ የሚጀምረው በ21 ዲግሪ ገደማ ነው። ቺለሩ 17 ላይ ከተደረገ መውጫው መስታወት ላብ ያወጣል፣ ጨረሩ ያንን ጠብታ አቃጥሎ ሽፋኑን ያበላሻል። እርጥበት ባለበት ወቅት 23 ማድረግ ከመስታወት ለውጥ ይሻላል።

ስለ መስታወቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ መውጫው ዚንክ ሴሌናይድ ነው ወይስ ጀርማኒየም? ጀርማኒየም በሞቀ ቁጥር የበለጠ ብርሃን ይውጣል፣ በዋጠ ቁጥር ይሞቃል። በትንሽ ቱቦ ይሆናል፤ በ80 ዋት ግን ዚንክ ሴሌናይዱ ይመረጥ። ዚንክ ሴሌናይድ ሲሰበር ወይም ሲቃጠል ብናኙ መርዝ ስለሆነ በጓንትና በእርጥብ ወረቀት ይለቀም።

ፎቶ ለመቅረጽ ለምን አይመከርም? ነጥቦቹ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆኑና ጭንቅላቱ በሰከንድ 500 ሚሊ ሜትር ቢሄድ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው 0.2 ሚሊ ሰከንድ ነው። የቀጥተኛ ከረንት ሰፕላይ ከባዶ ተነስቶ ጉልበቱን ለመስጠት ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። ነጥቡ ሳይበራ ቦታው ያልፋል፣ የፊት ጥላዎች ወደ አንድ ወገን ይጎተታሉ። በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው የብረት ቱቦ ይህን ፈትቶታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው ሐሳብ ኤሌክትሮዶቹን ከጫፍ ጫፍ ትቶ በጎንና በጎን፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ተራርቀው ማቆም ነበር። ኪሎ ቮልቶቹ ቀሩ፣ የኤሌክትሮድ መበላት ቀነሰ፣ ማብራትና ማጥፋቱም ብዙ እጥፍ ፈጠነ። ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ብቻ ለሚቆርጥ ሰው ያ ገንዘብ ባክኗል። 50.8 ሚሊ ሜትር ሌንስና 7 ሚሊ ሜትር ጨረር ይዞ የሚገኘው ነጥብ 0.12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ለቁርጥ ሥራ ይበቃል።

ዕቃው እንደደረሰ ከሳጥኑ ሳይወጣ ብርጭቆውን በባትሪ መብራት ማየት፣ የምርት ቀኑን ማንበብ ይገባል። ጋዙ ሳይሠራም ቀስ በቀስ ስለሚለወጥ መደርደሪያ ላይ የከረመ ቱቦ በሙሉ ዋጋ አይገዛም። ከየጫፉ አንድ አራተኛ ያህል ገባ ብሎ በላስቲክ ላይ ይደገፍ፣ ማሰሪያው በጣት ብቻ ይጥበቅ። የአኖዱ ፒን በብርጭቆ ውስጥ የታሸገ ነው፤ በሶልደር ብዙ ካሞቁት ይሰነጠቃል። ሽቦውን አጥብቆ ጠምጥሞ፣ የሲሊኮን ጎማ አልብሶ፣ ኮምጣጤ የማይሸት ሲሊኮን መሙላት ነው፤ የሚሸተው ዓይነት ብረቱን ያዝገዋል።

ውሃውን 30 ደቂቃ አዙሮ ልቅታ እንደሌለ ካዩ በኋላ፣ ሌንስ ሳይገባ አክሪሊክ ቁራጭ ላይ 2 ሰከንድ ማስተኮስ ነው። ወጥ ሾጣጣ ጉድጓድ ከሆነ ደህና ነው። ቀለበት ወይም ግማሽ ጨረቃ ከመጣ በቱቦው ሁለት ጫፎች ያሉት መስታወቶች አልተያዩም፣ ወይም ማሰሪያው ጠብቋል። ጨረሩ አይታይም፣ የዓይንን ፊት ያቃጥላል፤ ተንጸባርቆ ለሚመጣው ተራ አክሪሊክ መከላከያ ይሆናል፣ ቀጥተኛውን ጨረር ግን አይቋቋምም።

ዋቱን ያለ ውድ መለኪያ ማወቅም ይቻላል። ጥቁር ማት ቀለም የተቀባ 100 ግራም አሉሚኒየም ላይ ያለ ሌንስ 15 ሰከንድ ይተኮስና ሙቀቱ እስኪስተካከል ግማሽ ደቂቃ ይጠበቃል። 10 ዲግሪ ከጨመረ 60 ዋት ነው፣ 13 ከጨመረ 80 ገደማ። ከቀለሙ ጥቂት ስለሚመለስ ንባቡ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ በየወሩ በዚያው ብረት ከተለካ ግን መውረዱን በትክክል ያሳያል።

ሌዘሩ የቆመ ቀን ከመግዛት በፊት ሜትሩን ማየት ነው። ሚሊ አምፒር ከሌለ መጀመሪያ የደብልዩፒ መብራት ይታይ፤ ካልበራ ችግሩ ውሃው ጋ ነው። ከበራና የሰፕላዩ መሞከሪያ ቁልፍ ሲጫን ፍካት ከሌለ ፍላይባኩ (ሰፕላዩ ውስጥ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው ትራንስፎርመር) ሞቷል ወይም ሽቦ ተበጥሷል። ጥስ የሚል ድምፅ ካለና ቱቦው ውስጥ ፍካት ከጠፋ፣ ቮልቴጁ ወደ ብረቱ እያመለጠ ነው፤ መብራት አጥፍቶ ራቅ ብሎ ሲታይ ብልጭታው የት እንደሆነ ይታያል። ሜትሩ ልክ ሆኖ ውስጡም ሐምራዊ ሮዝ ሆኖ ጨረር ከሌለ መስታወቱ ነው። ፍካቱ ወደ ነጭ ከገረጣና መርፌው ከዘለለ ጋዙ አልቋል። ሰፕላዩን ከቱቦው ነቅሎ በካቻቢቴ ብልጭታ መፈተን ግን አይሞከር፤ ጭነት የሌለው ፍላይባክ በዚያው ይቃጠላል፣ የያዘው ሰውም አብሮ።